ሰባት ቤት የዋጠው ላፕቶፕ

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሣህሊቱ፣ ካርቱም።

«በገዳሪፍና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ ለምታውቁንም ለማታውቁንም ሁሉ፦ ሁለት ዓመት ተኩል በቤታችን በክብር የኖረው፣ በቀኝ ጎኑ ጭረት ያለበት፣ አንዲት ቁልፉ የወለቀችው ላፕቶፕ ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ ሳይታመም ሳይናዘዝ በድንገት መለየቱን በታላቅ ንዴት እናስታውቃለን። ቀብሩ እስካሁን ያልተፈጸመው የልጅ ልጃችን ሳታየው አይቀበርም በማለታችን ነው።»

ደንግጠሽ ከሆነ ተቀመጪ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፣ ጆሮዬም እንደ ድሮው አይሰማም። ለምን አይደውሉም ብለሽ በሾፌሩ በሙዘይን አፍ ልከሽብኛል። እኔ በስልክ ሳወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በወረቀት እንጣላ። ሙዘይን በየሳምንቱ ካርቱም ይመላለሳል፣ ደብዳቤያችንንም ከመሪው በላይ ሰክቶ ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አብራሽ የተማረችው ብፅአት፣ የዚያ የታምሬ የልጅ ልጅ፣ ለሰፈራችን ልጅ ለትግሉ ታጭታለች። ሠርጉ የካቲት 4 ቀን ነው። በሳምንቱ ሁዳዴ ይገባል፤ ያ ቀን ካለፈ ለፋሲካ ነው፣ ትግሉ ደግሞ ለፋሲካ ሀዋታ እርሻ ላይ ነው። እና ሰባት ቤት ሳይቆጠር ማን ያጋባል? ማንም። ማንስ ይቆጥራል? እኔ አንዳርጌ። ከጭልጋ ከወጣን ወዲህ በዚህ አገር ሠላሳ አራት ጋብቻ ቆጥሬያለሁ፤ አንድም ዘመድ ከዘመዱ አልተጋባብኝም።

ቆጠራውም አንቺ በዚያ ክረምት ዝናብ ቤት አግብቶን ሳለ ከአፌ እየተቀበልሽ የጻፍሽው ነው። ያለውም በዚህ ጥቁር ሣጥን ሆድ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ተሰብስቦ፣ እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቁልፉን ብጫነው ፊቱ ጨለማ። ደግሜ ብጫነው ጨለማ። ታምሬ ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰማይ አልፈቀደም» አለ። ሰማይ ከመቼ ወዲህ ነው በባትሪ የሚሠራው አልሁት።

ተቀምጦ ዝም ቢል ምን ነበር። አላለም። «የልጁም ስድስተኛ ቤት ባላምባራስ ጓንጉል፣ የልጅቷም ስድስተኛ ቤት ባላምባራስ ጓንጉል። ወንድምና እኅት ልታጋቡ ነው ወይ?» ብሎ ጮኸ። የገዛ የልጅ ልጁን ሠርግ እኮ ነው የሚያፈርሰው። ጽሑፉ ይውጣና ይታያል ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ስለዚህ ይውጣ። እንዴት እንደሚወጣ ጻፊልኝ።

አያትሽ አንዳርጌ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2004 ዓ.ም.

ሣህሊቱ፣ እንዴት ሰነበትሽ?

ሐኪም ይህን ያህል ቢጠይቀኝ ኖሮ ድሮ ድኜ ነበር። አዎ፣ መብራቱ ይበራል፤ ትንሿ ሰማያዊዋ። አዎ፣ ማራገቢያው ይነፋል፤ ጥቂት ነፍቶ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ይተወዋል። ከጨለማው ወዲህ አልፎ አልፎ ፊቱ ላይ የሚወጣው ጽሕፈት እንግሊዝኛ ስለሆነ አላነበብሁትም፣ ግን እንደ ሥዕል ገልብጬ ልኬልሻለሁ። በሁለተኛው መስመር መጨረሻ ያለው፣ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ ሰው የሚመስለው፣ እሱም ፊደል ነው፤ ታምሬን የሳልሁ እንዳይመስልሽ።

ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው ወይ ብለሽ ደግሞ ደንቆሮ ትጠይቂያለሽ? ጎረቤታችንን ሻይ ሻጯን ባሕሪያን ጠርቼ ጆሮዋን አስለጠፍሁባት። «ልቡ ይመታል አባቴ፣ ግን እያረፈ ነው» ብላለች። እሷ ብዙ በሽተኛ አስታማለች፣ ቃሏን ተቀበይ።

አልወደቀም። ማንም አልጣለውም። ውሃም አልነካውም፤ ውሃ፣ ውሃ ብለሽ በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ የጠየቅሽው ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ደስም አላለኝም። ወደ ሽማግሌዎቹ የወሰድሁት በረክሻ ነው፣ በባለ ሦስት እግሯ መኪና። እንዳያስቸግረኝ ከቤት ከፍቼው ነው የወጣሁ፤ እየነፋ በጭኔ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የሄድሁት። ከዚህ የበለጠ ክብካቤ የት አለ?

የድሮዎቹን ደብተሮች የት አደረጉ ላልሽው፣ ደህና ናቸው።

ስለ ባላምባራስ ጓንጉል የጠየቅሽኝን ሙዘይን እየቸኮለ ስለሆነ በሌላ ጊዜ።

አያትሽ


ገዳሪፍ፣ ጥር 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ደህና አድርገሽ አንብቢው፤ እንዲህ ያለው ነገር በዓመት አንዴም አይመጣብኝ።

«ቁጣዬን ቀስ ብዬ ነው የጻፍሁት» ያልሽው ደብዳቤ ቀስ ያለ አልነበረም። ተከፍቶ በረክሻ መጫኑ ሃርድ ዲስኩን እንደ መታው ተረድቻለሁ። ሲነፋ ተኝቶ የሚሽከረከር ነገር በውስጡ እንዳለ ማን ነገረኝ? እኔ ወፍጮ የተሸከምሁ አልመሰለኝም።

ውሃውን በተመለከተ፣ ጠበሉን የረጨው ታምሬ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ብዕሬ እምቢ አለ። የረጨሁት እኔ ነኝ። ፊቱ እንደ ጨለመ የታምሬ ዓይን ነው ብዬ፣ ከኪሴ ብልቃጧን አውጥቼ ሦስት ጊዜ ብቻ እርጭ እርጭ አደረግሁበት። ከጨለመ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ያዥልኝ። ብዙም አልነበረም፣ ግን በቁልፎቹ መካከል ሲገባ አይቻለሁ።

ባትሪውን አውጥቼ ሦስት ቀን አደረቅሁት፣ እንዳልሽው። ደረቅ እህል ውስጥ ይቀመጥ ያልሽውንም አደረግሁ። ዱራ፣ ማሽላው፣ አልነበረኝም፤ ሰሊጥ ነበረኝ። ሰሊጥ በማራገቢያው ቀዳዳ ይገባል ብዬ እንዳላሰብሁ ግልጽ ነው። አሁን ሲያዘነብሉት እንደ ጸናጽል ይንሻከሻካል።

ደብተሮቹ ደህና አይደሉም። ሁሉ በላፕቶፑ ከገባ በኋላ ወረቀት ምን ያደርግልኛል ብዬ ኰራሁና ለባሕሪያ ሰጠኋት። ለውዝ ጠቀለለችባቸው። የጭልጋ ሰው ስንት ትውልድ በገዳሪፍ ገበያ በለውዝ ተጠቅልሎ ተበልቷል። እንዳትጽፊልኝ፤ የምትዪውን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ።

ይኼን ሁሉ ይዤ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ባለ ሱቅ፣ ሉጥፊ ወደሚባል መካኒክ ሄድሁ፤ ሙሐንዲስ ይሉታል እዚህ። ከፍቶ አየና፣ ሰሊጡን ለቅሞ ቀመሰና፣ «ያ ሐጅ፣ ቀላል ነው። ሁሉን ደምስሼ እንደ አዲስ እሞላዋለሁ። በአንድ ሰዓት ኸላስ፣ አለቀ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምትደመስሰው?»

«ያለበትን ሁሉ።»

«ያለበት እኮ ሰው ነው» አልሁት። «አራት መቶ ቤተሰብ፣ እስከ ሰባት ቤቱ። በአንድ ሰዓት ልትጨርሰን ነው?»

ሣቀ። ነጥቄው ወጣሁ። ሱዳን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስኖር ይህን ያህል አልተናደድሁም። ደምስሼ እንደ አዲስ። አፉን ሞልቶ እኮ ነው የተናገረው።

አሁን ምን ላድርግ? ትግሉ በየማለዳው በሬ ላይ ቆሞ «አባባ፣ ተነሣ ወይ?» ይለኛል። እኔን ሳይሆን ላፕቶፑን ነው።

አያትሽ፣ በደሉን ያመነ


ካርቱም፣ ጥር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለአባባ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። ቁጣዬን በዚህኛው ደብዳቤ አላመጣሁትም፣ ካርቱም ትቼዋለሁ።

ሙዘይን የሚሰጥዎ ትንሽ ሣጥን አለ፤ ገመድ አለው። ሁለተኛ ፍላሽ አለ። ሦስተኛ ለሉጥፊ በዓረብኛ የጻፍሁት ወረቀት አለ። እባክዎ ተመልሰው ወደ እሱ ይሂዱ። ሉጥፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሁሉም የሚለውን ነው ለእርስዎም ያለው። የሌላው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ዘፈን ነው ያለው።

እርስዎ ማወቅ ያለብዎ ይህን ብቻ ነው። ላፕቶፑን ማዳን አንፈልግም። ቢሞት ይሙት። የምንፈልገው በሆዱ ያለውን ነው። ከሥሩ አራት ብሎን ተፈትቶ ዲስኩ ይወጣል፣ እኔ የላክሁት ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ በገመዱ ከሉጥፊ ኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። ከዚያ ቅጂ ብቻ ይወሰድ፤ በዲስኩ ላይ አንዳች ነገር እንዳይጻፍበት። መጀመሪያ «ዘር» የሚለው ፎልደር ይገልበጥ፣ ሌላው ፎቶም ምኑም ቆይቶ። ጠቅ ጠቅ ካለ ያጥፋውና ያሳርፈው፤ ሲቀዘቅዝ ይቀጥል። እንደ ደከመ ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ ሁሉን አይናገርም።

የሉጥፊ ኮምፒውተር አማርኛ አያውቅም። ፊደሉን በፍላሹ ልኬያለሁ፣ ይጫንለት።

አባባ፣ ስለ ባላምባራስ ጓንጉል ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎ። አንዴ ሙዘይን ቸኮለ አሉኝ፣ አንዴ ዘለሉት። ሙዘይንን ጠየቅሁት፤ ቸኩዬ አላውቅም ብሏል።

ሣህሊቱ


ገዳሪፍ፣ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ሣህሊቱ፣

ሙዘይን ለምን እንደ ከዳኝ አልጠይቅም።

ወጣ። ዲስኩ ወጣ፣ ጽሑፉም ወጣ። ሉጥፊ ወረቀትሽን አንብቦ፣ «ይቺ ልጅ ማን ናት?» አለ፤ ከዚያ ወዲህ እኔንም በአክብሮት ያየኛል። ሁለት ቀን ፈጀ። ጠቅ ጠቅ ሲል አጥፍቶ ሻይ ይጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀጥላል። የነካውን ሁሉ እያፏጨ ነው የሚሠራው። ባለፈው ስለ እሱ የጻፍሁትን ግማሹን አንሺልኝ።

ግን ስሚ። ፊደሉን ከመጫኑ በፊት ታምሬ ሰምቶ መጣ። ፋይሉን ሲከፍቱት በአማርኛ ፋንታ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን። ታምሬ በከዘራው እያመለከተ፣ «ይኸው፣ ያንዳርጌ ቆጠራ። ባዶ» አለ። በሱቁ ያለው ሰው ሁሉ ሣቀ። ሉጥፊ ፍላሽሽን ሰክቶ ፊደሉን ሲጭንለት ሣጥኖቹ አንድ ባንድ ሀ ሁ ሆኑ፤ እኔም አንድ ባንድ ተነፈስሁ።

ትግሉ ልቅዳው ቢል ታምሬ ሙሽራ አይነካም አለ። እኔ ልያዘው ብል አንተም አትነካም አለ። እሱ ልያዘው ቢል እኔ እምቢ አልሁ። ሽማግሌው የተስማማበት አንድ ሰው ሉጥፊ ሆነ፤ በዚህ ከተማ ካለነው ሁሉ ከማናችንም ጋር በሰባት ቤት የማይዛመደው እሱ ብቻ ነው። ፍላሹን በመሳቢያው ቆልፎበታል። ጥር 27 እሑድ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይከፈታል።

አሁን ስለ ባላምባራስ ልንገርሽ። ለነገሩ የምታውቂውን ነው የምነግርሽ።

በዚያ ክረምት ታምሬ በየቀኑ እየመጣ ሲጨቀጭቀኝ ትዝ ይልሻል። የሁሉ ሰው ዘር ሲጻፍ አንዱ ግራዝማች፣ አንዱ ቀኛዝማች አለው፤ በታምሬ በኩል ያለው የብፅአት ስድስተኛ ቤት ግን ደሴ የሚባል ንብ አናቢ ነው። የታወቀ ንብ አናቢ ነበር፣ ማሩ እስከ መተማ ይሄድ ነበር። ታምሬ ግን አፈረበት። «ካንተ ምን ይጎድላል፣ አንድ ሹመት ፈልግልኝ» እያለ ነፍሴን አወጣት። ሰለቸኝና ሾምሁለት። ሌላ ስም አልመጣልኝም፣ የትግሉን ስድስተኛ ቤት አንሥቼ ሰጠሁት። ትግሉ ያኔ ሀዋታ ነበር፣ ብፅአትን በዓይኑም አላያት። ማን አስቦ?

ከዚያ ወዲህ ታምሬ ጭራ ይዞ ይሄዳል፣ ግብዣ ላይ ከፊት ካልሆነ አይቀመጥም። አሁን ባላምባራሱን ከሚያጣ የልጅቷን ሠርግ ቢያጣ ይመርጣል።

ይህን ተነሥቼ ብናገር ማን ያምነኛል? ሠርጉን ለማዳን ዋሸ ይሉኛል። ቢያምኑኝ ደግሞ ይብስ። ሠላሳ አራት ባልና ሚስት «የኛስ?» እያሉ ይመጣሉ። በዚህ አገር መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ፤ ያለኝ ቃሌ ነው። ያን ለታምሬ ጭራ ላጣው ነው?

ስለዚህ እንዲያው ለማወቅ ያህል ልጠይቅሽ። አንድ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ብትለወጥ ምልክት ይቀራል? አንቺ ካለሽበት ሆነሽ ለሉጥፊ አንድ ወረቀት ብትጽፊለት እንዴት ነው?

ለማወቅ ያህል ነው።

አያትሽ


ካርቱም፣ ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለአባባ፣

አልጽፍለትም።

በዚያ ክረምት እርስዎ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ እኔ መሬት ተቀምጬ ሦስት ወር ስጽፍ፣ ስሕተት ባገኙብኝ ቁጥር «የሰማሽውን ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ፣ ከራስሽ አትቀንሺ» ይሉኝ ነበር። እኔ ያን አምኜ ነው የጻፍሁት። አሁን በደብዳቤ ከካርቱም ልቀንስ?

ቃሌን አጣለሁ ብለው ይፈራሉ። ብፅአትስ? እሷ ምን አደረገች? የርስዎና የጋሽ ታምሬ ጨዋታ መካከል ተቀርቅራ የቀረችው እሷ ናት። ሦስት ቀን አልቅሳ ደውላልኛለች። እኔ እሰማለሁ በስልክ።

ራስዎ ተነሥተው ይንገሯቸው። ካልቻሉ ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ ያቺን መስመር ስጽፍ ከጎንዎ ነበርሁ፣ የሰማሁትን ሁሉ ጽፌያለሁ።

ሣህሊቱ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ፣

ከትናንት በስቲያ ተጋብተዋል። ብፅአት ከትግሉ በቁመት እንደምትበልጥ አላውቅም ነበር፤ ሽማግሌ ሆነን ሰባት ቤት ወደ ኋላ ስናይ የፊታችንን አናይም። የላክሽላት ነጠላ ደርሷታል። አንቺን ነው ስትጠራ የዋለችው።

እሑድ የሆነውን ልንገርሽ። ሉጥፊ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ሰው ከግቢው አልፎ እስከ መንገድ ቆሟል። አማርኛ የሚያነብ ገለልተኛ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ብፅአት፣ «የኔ ዘር ነው፣ እኔ አነበዋለሁ» አለች። ታምሬም እሺ አለ።

ፋይሉ ሳይከፈት በፊት እኔ ተነሣሁ። ከዘራዬን መሬት ላይ መታ አድርጌ፣ «ሳይነበብ ስሙኝ። የብፅአት ስድስተኛ ቤት ደሴ ንብ አናቢው ነው። ባላምባራስ ጓንጉል የትግሉ ነው። የሾምሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው» አልሁ። ሉጥፊ ነገሩ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ። ታምሬ ጭራውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ተነበበ፣ የተናገርሁትም ሆኖ ተገኘ፣ ሽማግሌውም ባረከ።

ታምሬ እስካሁን አያናግረኝም። ለሠርጉ ግን መጣ፤ ከኋላ ተቀመጠ። ማር አምጥቶ ነበር፣ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ። ለኔ አልሰጠኝም። ደሴን ግን አምኗል ማለት ነው፤ ካላመነ ማር ለምን?

የፈራሁትም ደርሷል። ከሠላሳ አራቱ ሠላሳ አንዱ መጥተው «የኛስ?» ብለውኛል። ሦስቱ የቀሩት ተፋተው ነው። በየቀኑ ሉጥፊ ሱቅ ቁጭ ብዬ፣ ብፅአት እያነበበችልኝ፣ የሁሉንም ዳግመኛ እቆጥራለሁ። እስካሁን ሌላ ሹመት አልተገኘም። ስድቡን ግን ጠግቤያለሁ። ትናንት አንዲት አሮጊት «አንተ ቀጣፊ» ብላ ሻይ ጋበዘችኝ። ቅጂው ሦስት ቦታ ነው፤ አንዱ ሉጥፊ መሳቢያ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱን ሙዘይን ይዞልሻል። ላፕቶፑ ግን አልተነሣም። ሰሊጡም አልወጣም። ባሕሪያ የሻይ ብርጭቆ ትደረድርበታለች።

ሙዘይን ጡሩምባውን እየነፋ ነው፤ ዛሬ በእውነት ቸኩሏል። ከመዝጋቴ በፊት አንዲት ነገር። ከላይ ከጻፍሁልሽ አንዱን ፈጥሬዋለሁ።

አልተነሣሁም።

ልነሣ አስቤ ነበር። ጉልበቴ ነው ብልሽ ታምኚኝ ይሆናል፤ ጉልበቴ ግን ደህና ነው፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ። ከዘራዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ብፅአት ቤት በቤት እያነበበች ወጣች። ስድስተኛው ላይ፣ «ባላምባራስ ጓንጉል» አለች። ታምሬ ጭራውን ከፍ አደረገ። ትግሉ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አላቆመችም፤ «ከጎኑ በቅንፍ የተጻፈ አለ» አለች፤ አነበበችው።

«አባባ መጀመሪያ ደሴ ንብ አናቢው ብለው አስጽፈውኝ ነበር። ኋላ አስቀይረውኝ፣ ጋሽ ታምሬ ከበር እንደ ወጡ አባባ ብዙ ሳቁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ታምሬም ዞረ፣ ሽማግሌውም ዞረ፣ መንገድ ላይ የቆመውም ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያኔ ተነሥቼ ብናገር ምንኛ ባማረ። ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ?

ሳቅሁ።